የሻ ቆብ

«ክቡራንና ክቡራት የከተማችን ነዋሪዎች! በሆቴላችን ፊት ለፊት በቆመው ሐውልት ላይ ሰፍሮ የነበረው ‹ሻ› የተሰኘው ፊደል፣ ከጥልቅ ጥናት፣ ከረጅም ውይይትና ከምሳ በኋላ፣ ቆቡን አውልቆ ‹ሳ› እንዲሆን የአካባቢያችን ማስዋቢያ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ የወሰነ መሆኑን ሲያበስር ታላቅ ኩራት ይሰማዋል። ፊደሉ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ላበረከተው አገልግሎት ከልብ እናመሰግናለን። ባጃጆች፣ እባካችሁ መንገድ ልቀቁ!»

አዋጁ ባጃጅ ጣሪያ ላይ በገመድ ከታሰረ ድምፅ ማጉያ እየወጣ ዲላን ከላይ እስከ ታች ዞረ። በየጉድጓዱ ባጃጇ ስትዘል ድምፅ ማጉያው ያስነጥሳል። ሰው ሻዩን እየጠጣ ሰማ። ወናጎ ለመሄድ ሚኒባስ የሚጠብቁ ሴቶች አዲስ ግብር የወጣ መስሏቸው ተደናገጡ፣ ፊደል መሆኑን ሲያውቁ ተመስገን ብለው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። በአዋጁ የተንገበገበ ሰው በከተማው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ፊደሏን በገዛ እጁ የበየዳት ሰው ነው።

ዘርዓብሩክ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብረታ ብረት ያስተምራል። ለትምህርት ቻይና ሄዶ አንሻን በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ኖሮ ተመልሷል፤ ሲመለስ ከዲግሪው ጋር አንድ አባዜ ይዞ መጣ፦ ማብራራት። ዘርዓብሩክ ያብራራል። ሻይ ሲያዝ ስኳሩ ለምን ከታች እንደሚቀር ለአስተናጋጇ ያብራራል። ባጃጅ ሲሳፈር የፍሬኑ ሲጥሲጥታ ከየት እንደሚመጣ ለሹፌሩ ያብራራል፤ ሹፌሩ መውረጃውን አሳልፎት ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ድንኳኑ ለምን እንደሚያፈስ ለሟች ወንድም ሲያብራራ የተገኘበት ቀንም አለ። ክፋት የለበትም። ነገር በደንብ ከተብራራ ሰው ይገባዋል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ከንቱ እምነት ነው፤ ግን አምኗል።

አቶ ከፈለኝ ደግሞ ቡና ነግደው፣ ቡና አጥበው፣ በመጨረሻም ባለ አራት ፎቅ ሆቴል አቁመው የተቀመጡ ሰው ናቸው። የማስዋቢያ ኮሚቴውም ሊቀመንበር እሳቸው ናቸው፤ ስብሰባው በሆቴላቸው በረንዳ፣ ምሳውም ከኩሽናቸው ስለሆነ ምርጫ አላስፈለገም። አንድ ቀን ዘርዓብሩክን ጠርተው ከሆቴሉ ፊት ያለውን ባዶ ሜዳ በአገጫቸው አሳዩት።

«መምህር፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አቁምልኝ። ሰው ሲያልፍ አንገቱን እንዲያዞር።»

«ምን ዓይነት ነገር፣ ጋሽ ከፈለኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! የተማርከው አንተ። የፈለግከውን።»

«ከቆመ በኋላ ማንም እንዳይነካው ቃል ይገቡልኛል?»

«በመድኃኔዓለም! ጣቱን የሚያሳርፍበትን ሰው ጣቱን ነው የምቆርጠው።»

ዘርዓብሩክ ክረምቱን ሙሉ በሆቴሉ ጓሮ ሲበይድ ከረመ። ከአሪቻ ቡና ማጠቢያ የተጣለ አሮጌ የቡና መፈልፈያ አስመጣ፣ በርሜል ሰነጠቀ፣ ቱቦ አጣመመ፣ ላሜራ ቀደደ። ኅዳር ላይ፣ የታጠበ ቡና ገለፈት በየወንዙ ዳር ሲበሰብስና አየሩ ሁሉ የኮመጠጠ ሆድ ሲሸት፣ ሐውልቱ ተገጣጥሞ ቆመ።

እውነቱን እንነጋገር፤ ያስጠላል። ከሰው ሦስት እጥፍ የሚረዝሙ ጭስ ማውጫ መሳይ ቱቦዎች፣ አንዱ የሌላውን ጉሮሮ እንዳነቀ ተጠማዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። በመሀላቸው የተቀደደ ላሜራ እንደ ምላስ ተዘርግቷል። ቀለሙ ከፊሉ የከሰል አመድ፣ ከፊሉ የድኝ ቢጫ፣ የቀረው ደግሞ ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ውሎ ማንም ያልገዛው ጉበት ነው። ሰው የሚመስል ነገር የለበትም፤ እንስሳም፣ ዛፍም አይደለም። ያም ሆኖ አንዴ ያየው ሰው ዓይኑን አይነቅልም። ሄዶ ይመለሳል፤ ተመልሶም «ኤጭ!» ይልና እንደገና ያያል። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በጣት ውፍረት ብረት በተበየዱ ፊደሎች፣ ስሙ ተጽፏል፦ አንሻን።

መከራው የጀመረው ሐውልት ከሚለው ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ሐውልት ከተባለ የሞተ ሰው አለ። ድንጋይም ይሁን ብረት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ የሆቴሉን ጥበቃ ቦናን አንድ ነገር ይጠይቀዋል።

«የማን ሐውልት ነው?»

«እኔ አላውቅም» ይላል ቦና ዱላውን ተደግፎ። «ቲቸሩ ነው የሠራችው።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«አንሻን ይላል። ቻይና ይሆናል የሞተችው።»

«ነፍስ ይማር!» ብለው ባርኔጣ ያወለቁ ሽማግሌ ነበሩ። ከንፈር የመጠጡ እናቶችም አልጠፉም። በሳምንቱ መጨረሻ ሟቹ የዲላን አስፋልት ሲሠራ መኪና የገለበጠ ቻይናዊ መሐንዲስ እንደነበረ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት እንደነበረም ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር።

ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ዘርዓብሩክም እንዲያብራራ ተጠራ። ደስ ብሎት መጣ። ብረት የለመደ እጁን እያወናጨፈ እንዲህ አለ፦

«አንሻን ሰው አይደለም፤ ከተማ ነው። እሳቱ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። በረዶው ግራጫ ሆኖ ነው የሚወርደው። የደረስኩ ሰሞን ሽታውን አልቻልኩትም፤ እየዞርኩ አስታውክ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ስወጣ ግን አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። አስጠልቶኛል፣ ወድጄዋለሁም። እዚህ ያቆምኩት ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ሰው አይቶት ደስ እንዲለው አይደለም፤ ‹ኤጭ!› ብሎ እንዳይሄድበት ነው።»

 አቶ ከፈለኝ ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉራሉ። ስንጥሩን አውጥተው ጫፉን አዩት፣ መልሰው ከተቱት። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ቆንጅት ናት። ቆንጅት ዕድሜዋን ሙሉ አማርኛ ያስተማረች፣ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ሃሌታው «ሀ»ና ሐመሩ «ሐ» ተዘበራርቀው ካየች ገብታ ባለሱቁን የምትቆጣ መምህርት ናት።

«አለቀስኩ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ እትዬ ቆንጅት። ግን ዋናው ነገር…»

«ቆይ! ሰው ሲያለቅስ ምን ይላል? ‹ጌታ ሆይ፣ አንሳን!› ይላል። ከወደቅንበት አንሳን! ይኼው ነው እኮ! ቱቦዎቹ ወደ ሰማይ የተዘረጉ እጆች ናቸው። እኔ ከመጀመሪያውም ‹አንሻን› አልጣመኝም ነበር። በያጁ ነው የተሳሳተው።»

«በያጁ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ብትሳሳትስ ምን አለበት፣ የኔ ልጅ? ሰው አይደለህ? ‹ሳ› ላይ ቆብ ደፍተህባት ‹ሻ› አደረግካት። ቆቧን ማንሳት ነው፤ አለቀ።»

«ጋሽ ከፈለኝ!» ዘርዓብሩክ ዞረ። «አይነካም ብለውኝ አልነበረም?»

«አይነካም ያልኩት ሐውልቱን ነዋ! ፊደል ሐውልት ነው እንዴ?» አሉና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ምሳ ይቅረብ!»

እንግዲህ በባጃጅ የታወጀው ይህ ነው። በማግስቱ አንድ በያጅ መጥቶ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን በ‹ሻ› አናት ላይ አሳረፈው። ብልጭታው ገና ሳይጠፋ ከፊደሏ አናት ላይ የነበረችው አግዳሚ ብረት ተቆርጣ አቧራው ላይ ወደቀች። ዘርዓብሩክ ጎንበስ ብሎ አነሳት። ትኩስ ነበረች፤ እያቃጠለችውም ኪሱ ከተታት። ሐውልቱ ላይ አንሳን የሚል ጽሑፍ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የሚያቅለሸልሽ ነው።

መጀመሪያ ጸሎተኞች መጡ። ሌሊት ያደሩበትን ነጠላ እንደለበሱ ከሥሩ ተንበርክከው «አንሳን! አንሳን!» ይላሉ። ላሜራውን ይስማሉ፤ የሳሙበት ቦታ ላይ የከንፈር ቅባት ይደርቃል፣ ቅባቱ ላይ ዝንብ ይሰፍራል። ከጸሎተኞቹ ቀጥሎ ፎቶ አንሺው ሙሌ ጃንጥላውንና ካሜራውን ይዞ ደረሰ።

«ቲቸር፣ አንተ ሰው ጂኒየስ ነህ!» አለ ዘርዓብሩክን ትከሻውን እየመታ። «ብሮ፣ ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ነው እኮ! ሙሽሮች መጥተው ‹አንሳን› ይሉኛል፤ አነሳቸዋለሁ። ከላይ ‹አንሳን›፣ ከታች ቬሎ። በቃ፣ ፈነዳ!»

«ይኼ ከተማ ነው፣ ሙሌ። ከተማው ውስጥ…»

«እሱማ ገብቶኛል» አለ ሙሌ። «ሙሽሪት፣ አንገትሽን ወደ ቱቦው! እንደዛ! ጉንጭሽን አስጠጊለት!»

ከሙሽሮቹ በኋላ የሚቀረውን ቦና ይጠርገዋል፤ ሲጠርግም ይሳደባል። የኬክ ክሬም ድኝ ቢጫው ላይ ተለጥፎ ይኮመጥጣል። ማስቲካ በየብሎኑ ጭንቅላት ላይ ይደርቃል። ጫት የቃሙ ወንዶች ገራባቸውን በርሜሉ ሆድ ውስጥ ይከታሉ፣ ዙሪያውን ዞረው ደግሞ ይሸኑበታል። ከሥሩ የሽንት፣ የአበባና የርካሽ ሽቶ ሽታ ተደባልቆ ይነሳል። የአንሻን ጭስ ከዚህ ጋር ሲወዳደር የቤተ ክርስቲያን ዕጣን ነበር።

ያም ሆኖ ዘርዓብሩክ ተስፋ አልቆረጠም። ያልገባቸው በደንብ ስላላብራራሁ ነው ብሎ አሰበ። ሁለተኛ ወደ በረንዳው ወጣ።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ እሺ፣ ፊደሉ ይቅር። ግን ሰዎቹን ከላዩ ያንሱልኝ። ቀለሙ እኮ እንዲሁ የተቀባ አይደለም። ይህ ጉበት የሚመስለው፣ ዝገት ከእሳት ጋር ሲገናኝ የሚሆነው…»

«ዝገት?» አቶ ከፈለኝ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ዝጓል እንዴ? ገና ዓመት ሳይሞላው? ሙሽራ ልብስ ላይ ቢለቅቅስ?»

«አልዛገም! የዝገት ቀለም ነው። ቱቦዎቹ ደግሞ ከመሬት አንድ ሆነው ወጥተው ላይ እየበዙ የሚሄዱት…»

«እየበዙ?» አለች ቆንጅት ብዕሯን አንስታ። «እንደ ቅርንጫፍ?»

«እንደ ቅርንጫፍ ሳይሆን እንደ…»

«ቅርንጫፍ! በጌዴኦ ምድር ምን ዓይነት ቅርንጫፍ ነው የሚኖረው? የቡና ነዋ! ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከንም? አሁን ገና ነው በደንብ ያብራራኸው።»

በሳምንቱ ዘርዓብሩክ ወላጆቹን ሊጠይቅ ወጣ ብሎ ተመለሰ። እሁድ ቀትር ላይ ከሚኒባሱ ወርዶ ሐውልቱን ሲያይ እግሩ ቆመ።

ሮዝ ሆኗል። የልጆች ከረሜላ ሮዝ፤ ጫፍ ጫፉ ወርቅማ። ጉበቱም፣ ድኙም፣ አመዱም የሉም። ቀለሙ በችኮላ ስለተቀባ ከላሜራው ምላስ ላይ እንደ ለሃጭ ተዝረክርኮ ደርቋል። በየቱቦው ላይ ደግሞ የቡና ፍሬ ተንጠልጥሏል። ዘርዓብሩክ ቀረብ ብሎ አንዱን ፍሬ ነካው። ፕላስቲክ ነው። ሽንት ቤት ውስጥ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ሆድ ውስጥ የሚንሳፈፈው ኳስ ነው። ሆቴሉ ሽንት ቤቶቹን ሲያሳድስ የወለቁት ኳሶች ቀይ ተቀብተው፣ በሽቦ ታስረው ሐውልቱን አስጊጠውታል። አንዱ ኳስ ላይ ቀለሙ ያልያዘው፣ ከታች የነበረው ቡናማ ቅርፊት ገና ስላልለቀቀ ነው።

አንሻን የደረሰ ሰሞን እንዳደረገው፣ ዞር ብሎ የሆቴሉ አጥር ሥር አስታወከ። አፉን ጠርጎ ሲመለስ አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ኳሶቹ ሥር ተቃቅፈው ቆመዋል።

«አንሳን እንጂ!» አለ ሙሽራው ሙሌን። «ፀሐይ ሊጨርሰን ነው!»

ዘርዓብሩክ ቀና አለ። ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ፊደሎቹን አየ፦ አንሳን። በሮዝ ተለስነው፣ በኳስ ተከበው፣ ሐውልቱ ራሱ የሚናገር መሰለው። ጸሎት አልነበረም፤ የፎቶም ነገር አልነበረም። ከዚህ አንሳን ነው የሚለው። ዘርዓብሩክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ሄደ።

ሙሽሮቹ ፎቶ ሳይጨርሱ ሲመለስ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው የመጣው፤ ከኋላው የቡና መጋዘን ጫኝና አውራጆች ተደርድረዋል። የብሎን መፍቻውን ይዞ ወረደ። ሐውልቱ ሲቆም በክፍል በክፍል የተገጠመ ስለነበረ ሲወርድም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ብሎን ሲላላ ቦና ዱላውን ይዞ ሮጠ።

«ቲቸር! ቲቸር! ምን እያደረግክ ነው? ጋሼ ይቆጣል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘርዓብሩክ ብሎን ለምን በግራ እንደሚፈታ ጭምር ይነግረው ነበር። አሁን ግን በመፍቻው ጫፍ ወደ ፊደሎቹ አመለከተና ሥራውን ቀጠለ።

ቦና ቀረብ ብሎ አንድ በአንድ ለቀማቸው። «አ-ን-ሳ-ን።»  ጭንቅላቱን አከከ። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። «እሷ ራሱ አንሳን ይላል እኮ! ኮሚቴው ነው የጻፈችው! በባጃጅ ተነግሮ የለ?» ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ እጅጌውን ሰበሰበ። «ታዲያ ቶሎ አትሉም? እኔማ ሽንቷን መጥረግ ሰልችቶኛል። ኑ! አንድ፣ ሁለት፣ አንሳ!»

ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ኮታቸውን አውልቀው አገዙ፤ እድሳት መስሏቸው ነው። ሙሌ የጭነቱን ፎቶ አነሳ። አይሱዙዋ አቧራ አንስታ በወናጎ መንገድ ወጣች።

አቶ ከፈለኝ ከሰዓት እንቅልፋቸው ሲነሱ ሜዳው ላይ የቀረው ብሎን የወጣበት ሲሚንቶና የሽንት ክብ ነበር። በማግስቱ መንገደኞች ከዲላ ጀምሮ በየአስፋልቱ ዳር ቀይ ኳስ ማግኘት ጀመሩ። አንዱ ወናጎ መግቢያ፣ አንዱ ድልድይ ሥር፣ አንዱም ዕንሰት ውስጥ። አንድ ሻይ ቤት ያገኘውን ኳስ አጥቦ ሽንት ቤቱ ውስጥ ገጠመው፤ በደንብ እንደሚሠራም መሰከረ። የመጨረሻው ኳስ ኮንጋ በምትባል የቡና መንደር ተገኘ። ከኮንጋ የመጣ ባለሞተር ደግሞ፣ አንድ ጓሮ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሮዝ ብረት በእሳት እየለበለበ ቀለሙን ሲያራግፍ አየሁ አለ። «ከሥሩ የወጣውን ብታዩት ኤጭ ትላላችሁ» አለ። ግን እያወራ ወደመጣበት መንገድ ደጋግሞ ይዞር ነበር።

ዘርዓብሩክ ተጠራ። መጣ፤ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙ ጥላሸት ነው።

«እኔ ልጣላህ አይደለም የጠራሁህ» አሉ አቶ ከፈለኝ። እንደዚያ ለስልሰው ሲናገሩ ኮሚቴው ሰምቶ አያውቅም። «ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ሥዕል የሚያውቁ፣ ሐውልት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የሙሌን ፎቶ አይተው ነው፤ የድሮውን፣ የአስቀያሚውን። ‹ይኼን ማን ሠራው? መጥተን እንየው› አሉ። መልሰህ አቁመው። ሮዙ ይቅር። ኳሱም ይቅር። የፈለግከውን ጉበትህን ቀባው። አጥር አጥርበታለሁ፤ ቦና ሰው አያስጠጋም።»

«‹ሻ›ም ቆቧን ትድፋ» አለች ቆንጅት ቅር እያላት። «ምንም እንኳን ትርጉም ባይሰጥም።»

ዘርዓብሩክ ቀና አለ። የጠየቀውን ሁሉ፣ የለመነውንም ጭምር እየሰጡት ነው። ሜዳው ከበረንዳው ሥር ባዶውን ተኝቷል። ከዚያ የተሻለ ቦታ በከተማው እንደሌለ ያውቃል።

«አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ አቶ ከፈለኝ። «እንግዶቹ ሲመጡ ማይክ ይዘህ ለሕዝቡ ታብራራለህ። ለምን እንደወሰድከው፣ ምን እንደሆነ። ባጭሩ። እኛም እንረዳና እናጨበጭባለን። አንተ ደግሞ ማብራራት ትወዳለህ።»

«እኔ መግቢያ የሚሆን ነገር አዘጋጅቻለሁ» አለች ቆንጅት። «‹ስደትና መመለስ› የሚል። ወስደህ የመለስከው ለዚህ ነው አይደል? ስደት ነው አይደል?»

ዘርዓብሩክ ከኪሱ ያቺን የጣት ርዝማኔ ያላትን አግዳሚ ብረት አውጥቶ በጣቶቹ መሀል ያገላብጣት ጀመር።

«በል እንጂ፣ መምህር» አሉ አቶ ከፈለኝ። «ተናደህ ነው? ሰው ልኮህ ነው? ቻይናዎቹ ደውለውልህ ነው? ተናገር! አንድ ቃል! እኔ አንድ ቃል ነው የምለምንህ!»

«ያ በእጅህ ያለውስ ምንድን ነው?» አለች ቆንጅት መነጽሯን እያስተካከለች። «እሱም ትርጉም አለው? ንገረንና ልጻፈው።»

ዘርዓብሩክ ብረቷን ኪሱ መልሶ ተነሳ።

«አላብራራም።»